ለወንድሜ ያላነበብኩለት መስመር

ከአጥሬ ጎን አምና ጋራዥ ተከፍቷል። ሆሳዕና እንዲህ ሆናለች፤ ገብስ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ ቆርቆሮ ተመትቶ ብየዳ ይንጣጣል። ጠዋት ጠዋት በረንዳዬ ላይ ፀሐይ ስሞቅ የሰዎቹን ወሬ ወደድኩም ጠላሁም እሰማለሁ። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ሰዎች አንዲት ነጭ፣ ከፍ ያለች፣ ዕድሜ የጠገበች መኪና ኮፈኗን ከፍተው ይጨቃጨቁ ነበር። ሻጩ፣ «ሞተሯን ስማ እንጂ ኪሎሜትሯን ለምን ታያለህ?» ይላል። ገዢው፣ «ሦስት መቶ ሺህ ሄዳ? እሱም ቆጣሪው ካልተነካ ነው» ይላል። ከገዢው ጋር የመጣች ወጣት ሴት እጇን አጣምራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። የምታውቀው ነገር ያለ፣ ግን ከንዴት ብዛት መናገር ያልፈለገች መሰለችኝ። ምናልባት ፊቷ ተፈጥሮው እንዲያ ይሆናል። እኔ ግን የያዝኩት ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በሰፈረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ፀሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደብዳቤ በታይፕ እመታለሁ፤ የመኪኖቹንም ካርድ እይዛለሁ። እያንዳንዱ መኪና አንድ ጠንካራ ካርድ ነበረው፤ መቼ እንደተሰበረ፣ ምን እንደተቀየረለት፣ ምን ያህል እንደሄደ በእንግሊዝኛ ይጻፍበታል። ከሰው ይልቅ የመኪኖቹን ታሪክ አውቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ቤታችን ሌሞ ነበር፤ ከካምፑ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ። አባቴ ስንዴና ገብስ ያርሳል። እናቴ ከጓሮ፣ የሰፈሩ ሰው የሚያደንቀው እንሰትና አራት ላሞች ነበሯት። ለማያውቅ ሰው ላሙና እንሰቱ የተለያየ ንብረት ይመስለዋል። አይደለም፤ የላሞቹ ፍግ ነው እንሰቱን የሚያቆመው። እናቴ በየማለዳው ፍጉን በቅርጫት ተሸክማ ለእያንዳንዱ ተክል ሥር ታከፋፍል ነበር። ከዚያ እንሰት የወጣውን ቡላ በቅቤና በወተት አገንፍታ አተካና ስትሠራ፣ ሽታው ጎረቤቱን ያለ ጥሪ ያመጣው ነበር።

ላምቦሮ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ሁለታችንም ትምህርት ጀምረን ነበር። እሱ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ አባቴ እግሩን ታመመና ሞፈር የሚይዝ ሰው ጠፋ። ሚሲዮኑ ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ብቻ በነፃ ያስተምር ነበር፤ ለሁለተኛው የሚከፈል ከዚያ በኋላ አልነበረም። መምህሩ፣ «ልጅቷ ትሻላለች፤ ፈጣን ናት» አሉ። በዚያች ቃል እሱ ወደ እርሻ፣ እኔ ወደ ክፍል ሄድን። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ማንም የጠየቀኝ ነገር የለም። ላምቦሮ ግን እኔው ራሴ እንደመረጥኩ አድርጎ ያዘው። ደብተሬን ዝናብ ላይ ጥሎት ያውቃል። በመጀመሪያው ደመወዜ ለእናቴ ነጠላ ስገዛላት፣ «በእኔ ዕድል የተገዛ ነጠላ» አለ፤ እየቀለደም አልነበረም። እኔም ዝም የምል አልነበርኩም። «አንተ የፊደል ገበታውን እንኳ ሳትጨርስ ነው የወጣኸው» እያልኩ ሰው በተሰበሰበበት የማሳፍረው ጊዜ ብዙ ነው። አሁን ሳስበው አንዋደድም ነበር። ሰዎች ወንድምና እህት ሲጣሉ «ውስጣቸው ግን ይዋደዳል» ይላሉ። የእኛን ውስጥ እኔ አውቀዋለሁ።

በዚያ ዓመት የካምፑ ሥራ በእኛ አካባቢ አለቀ። ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው መድረቅ ሲጀምር፣ ያረጁት መኪኖች እዚያው እንዲሸጡ ትእዛዝ መጣ። አንዷ ሰባት ቁጥር ነበረች፤ ባለ ሸራ ጣሪያ፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ የአገሩ ሰው ሁሉ «ጂፕ» የሚላት ዓይነት። ሽያጩን የያዘው የተሽከርካሪ ክፍል ኃላፊው ጥላዬ ነበር። ያኔ «አቶ ጥላዬ» ብዬ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ግን አንተ ማለቱም ይበዛበታል። ከየሽያጩ የራሱን ጥቅም እንደሚያገኝ ካምፑ በሙሉ ያውቃል። ጂፗን አሳጠባት፤ የተላጠውን ቦታ አረንጓዴ ቀለም አስቀባው፤ ገበያተኛ በሚያልፍበት በር ላይም አቆማት።

ላምቦሮ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ አያት። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከሆሳዕና አንጋጫ፣ ከአንጋጫ ሺንሺቾ ሰው ያኔ የሚሄደው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነው፤ ዕድለኛ ከሆነ በጭነት መኪና ላይ ከጆንያ ጋር ተደርቦ። «አሥር ሰው ከኋላ፣ ሁለት ሰው ከፊት፤ ቅቤውና በርበሬው ከእግራቸው ሥር» ይላል ላምቦሮ፣ ቆጮውን እየጠቀለለ። «ከአምበሪቾ ተራራ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ስሜን ይጠራል።» መንዳቱን ከካምፑ ሾፌሮች አንዱ ጋር እየተጠጋ ተምሮት ነበር። ለመግዣ የታሰበው አራቱ ላሞችና ከቤታችን በታች ያለው ባሕር ዛፍ ነው። አባቴም ቀስ በቀስ ልቡን ከፈተ። ልጁን ከትምህርት ቤት ያስወጣ አባት ስለሆነ፣ «አይሆንም» የሚለው ቃል ከአፉ ለመውጣት ይቸግረው ነበር። እናቴ ብቻ፣ «ላሞቹ ከሄዱ እንሰቱን ምን ላበላው ነው? ቤንዚን?» አለች። ማንም አልሳቀም።

እኔ ሰኞ ቢሮ ስገባ የሰባት ቁጥርን ካርድ አወጣሁ። ብዙውን ቀድሞም አውቀዋለሁ፤ እንደገና አንድ በአንድ አነበብኩት። ከፊት ያለው ቆጣሪ ሠላሳ አንድ ሺህ ኪሎሜትር ይላል፤ ጥላዬ ለገዢ የሚያሳየውም ያንን ነው። ነገር ግን ቆጣሪው አምስት ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ መቶ ሺህ ሲሞላ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል። ካርዱ ላይ ያለው መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ ነው። ወደ ቁሊቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ቢላቴ ወንዝ ውስጥ ተገልብጣ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ አድራለች። ሻንሲዋ፣ መኪናው በሙሉ የሚቆምበት ብረት ማለት ነው፣ በግራ በኩል ተሰንጥቆ ተበይዷል፤ ብየዳውም ሁለት ጊዜ ለቋል። መጨረሻው ላይ ግን አንድ መስመር ነበረች። ሞተሩና ማርሽ የሚቀያይረው ካምቢዮ ወንዙ ስላበላሻቸው ከአንድ ዓመት በፊት በአዲስ ተቀይረዋል። ጥላዬ ይህንን ለገዢ አይናገርም፤ ከተናገረ «ሠላሳ አንድ ሺህ ለሄደ መኪና ሞተር ለምን ተቀየረ?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታላ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ በልተን ሁላችንም ደጅ ጥላው ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ «ጋሼ፣ ስለ ጂፗ ልንገርህ» አልኩት ላምቦሮን። በደህና ቃል ነበር የጀመርኩት፤ ይህንን ዛሬም እምላለሁ። የቆጣሪውን ነገር ነገርኩት። የወንዙን ነገርኩት። የሻንሲውን ነገርኩት። ላምቦሮ በያዘው ጭራሮ መሬቱን እየቆፈረ ሰማኝ።

«ቆጣሪውን በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። «ሠላሳ አንድ ሺህ ነው። ቁጥር ማንበብ እንኳ አያቅተኝም።»

«ቆጣሪው ዞሮ ነው እንጂ—»

«ለአንቺ ብቻ ዞሮ ታየሽ?»

«ሞተሯ ግን—» ብዬ መቀጠል ጀመርኩ።

«በቃ!» አለና ተነሣ። «ያንቺን ዕድል በልተሻል፤ የእኔንም በልተሻል። አሁን አንዲት ነገር እጄ ልትገባ ስትል በእንግሊዝኛሽ ትቀሚኛለሽ? ሃያ ዓመት ሞልቶሽ አንድ ሽማግሌ ደጃችንን ያልረገጠው ለምን ይመስልሻል? ምላስሽን ፈርተው ነው!»

አባቴ፣ «ላምቦሮ» አለ ብቻ። እናቴ ዓይኗን ወደ ጓሮዋ መለሰች። እኔም ተነሥቼ፣ «ግዛት! ግዛትና ሻንሲዋ ሥር ተቀብረህ ሙት!» አልኩት። የሞተሩ ነገር እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ማክሰኞ ጠዋት ጥላዬ ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የዳቦ ፍርፋሪና የተላጠ ብርቱካን ነበር። እሱ እየበላ፣ እኔን ተቀመጪ እንኳ አላለኝም።

«ወይዘሪት ማርታ፣ የካምፑ ካርድ ቤታችሁ ይነበባል አሉ።»

«ማን አለ?»

«የገዛ ወንድምሽ ነዋ! ትናንት መጥቶ» አለና የላምቦሮን አማርኛ እያጣመመ አስመሰለው፤ እኛ ከሀዲይኛ ወደ አማርኛ ስንሻገር የምናጠብቀውንና የምናላላውን እያጋነነ። «‹እህቴ ጂፗ ወንዝ ገብታ ነበር ትላለች፣ እውነት ነው ወይ ጌታዬ?› አለኝ። እኔም የሴት ቅናት ነው አልኩት። ሳቅን።»

ከሁሉ በላይ የቆጠቆጠኝ ያ «ሳቅን» ነው። ላምቦሮ ለጥላዬ ወሬውን ማቀበሉን አንድ ቀን ልረሳው እችል ይሆናል። በንግግሩ ከኋላው ከሚያላግጥበት ሰው ጋር ሆኖ በእኔ መሳቁን ግን መዋጥ አቃተኝ።

«ቅዳሜ ሽያጩ ይፈጸማል» አለ ጥላዬ፣ ጣቱን እየጠረገ። «ካልተፈጸመ ሌላ ፀሐፊ አላጣም። ሂጂ።»

ያንን ሳምንት በሙሉ ከላምቦሮ ጋር አልተነጋገርንም። እሱ ያሆዴ፣ የእኛ የዘመን መለወጫ፣ ሳይደርስ መኪናውን ደጃችን አቁሞ በዓሉን ለማክበር ቸኩሏል። አዲስ ኮት አሰፋ። እናቴ በየማለዳው ፍጉን ስትበትን አያታለሁ፤ ቅርጫቱን ከወትሮው ቀስ ብላ ነበር የምታወርደው። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ የምታውቂው ነገር ካለ አባትሽን አትነግሪውም?» አለችኝ። «ሰምቷል፤ እሱም ሰምቶ ዝም ብሏል» አልኳት። እልክ ይዞኝ ነበር። አባቴን ለብቻው አስቀምጬ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብነግረው ይሰማኝ እንደነበር ያኔም አላጣሁትም።

ቅዳሜ ደረሰ። መስከረም እንደሚያደርገው ጠዋት ጉም ነበር፤ ረፋድ ላይ ተገፎ ቀይ አፈሩ መጨስ ጀመረ። አራቱ ላሞች ገበያ ውስጥ ታስረው ገዢያቸውን ይጠብቃሉ፤ ዋጋቸው አልቆ የጂፗ ነገር እስኪቋጭ ነው የቆዩት። አባቴ በከዘራው ተደግፎ፣ ላምቦሮ ኮቱን ለብሶ፣ ከሰፈራችን ለምስክርነት የመጡ ሁለት ሽማግሌዎችን ይዘው ካምፑ ግቢ ገቡ። ሌላም ሰው ነበር፤ የካምፑን ዕቃ ለመግዛት የመጣ፣ ለወሬም የመጣ። ከመካከላቸው አንዷ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ፤ ገበያው ዳር ጨርቅና ጨው የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው የጉራጌ ነጋዴ። በርሜል ሊገዙ ነበር የመጡት።

ጥላዬ ሞተሩን አስነሣ። ሞተሩ ጥሩ ድምፅ አለው፤ አዲስ ነዋ። «ከፋብሪካ እንደወጣች ናት!» አለ። ላምቦሮ መሪው ላይ እጁን ጭኖ ፊቱ አበራ። ከዚያ ጥላዬ ወደ ቢሮዬ መስኮት ዞሮ፣ «ማርታ! ሁለተኛውን ቁልፍ አምጪ!» ብሎ ጮኸ።

ላምቦሮ ደግሞ ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ያን ሁሉ ዘመን የተማረችው ቁልፍ ለማቀበል ነው» አለ። ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ጭምር።

ቁልፉ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እዚያው ተውኩትና ካርዱን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ በሀዲይኛ ለአባቴና ለሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ለሌላው፣ እያንዳንዱን መስመር እየተረጎምኩ አነበብኩ። መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ። ቢላቴ ወንዝ። ሻንሲ ተሰነጠቀ፤ ተበየደ፤ ለቀቀ፤ ተበየደ፤ ለቀቀ። በእያንዳንዱ መስመር መካከል ቀና እያልኩ ላምቦሮን አየሁት። እጁ ከመሪው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ። ደስ አለኝ። ይህንን መደበቅ አልፈልግም፤ በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው እንደዚያ ደስ ያለኝ።

መጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ። ካርዱን አጠፍኩት።

ጥላዬ ሮጦ መጥቶ ካርዱን ከእጄ መነጨቀ። «ውሸታም!» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ውሸት ማለቱ እንደማያዋጣው ገባውና፣ «ሞተሩ እኮ አዲስ ነው! አምና ነው የተቀየረው! ካምቢዮውም!» ብሎ ጮኸ። ማንም አላመነውም። አሁን ከፋብሪካ እንደወጣች ናት ያለ ሰው ነው። አባቴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ላምቦሮ ከጂፗ ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም፤ ቁጣው ሁሉ ወርዶ ነበር። በቋንቋችን፣ በዝግታ፣ «የሞተሩ ነገር እውነት ነው?» አለኝ። «ሞተሩ አዲስ ከሆነ ሻንሲውን አሠራዋለሁ። ላሞቹን በሙሉ ላልሸጥ እችላለሁ፤ ዋጋውን አስቀንሰዋለሁ። ማርታ፣ ካርዱ ላይ አለ?»

«እኔ ቁልፍ አቀባይ ነኝ» አልኩት። «መካኒክ ጠይቅ።»

ላምቦሮ ኮቱን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀው አላውቅም፤ ክንዱ ላይ አድርጎት ከግቢው ወጣ። አባቴና ሽማግሌዎቹ ተከተሉት። ላሞቹ ከቀትር በኋላ ወደ ቤት ተመለሱ። እናቴ በር ላይ ተቀብላ ግንባራቸውን ዳበሰች፤ እኔንም፣ «ላሞቼን አተረፍሽልኝ» ብላ ሳመችኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ሰኞ ከሥራ ተባረርኩ። ደብዳቤውን ራሴን ነው በታይፕ ያስመታኝ። ጥላዬ የሚያዋርደኝ መስሎት ነበር፤ እኔ ግን አንድም ፊደል ሳልስት መታሁትና ወጣሁ። በገበያው በኩል ሳልፍ ወይዘሮ አስካለ ከሱቃቸው ጠሩኝ። በርጩማ አቀረቡልኝ። ትኩስ ዳቦና ሻይ ሰጡኝ። ያንን ሳምንት በሙሉ ከእናቴ ሌላ በደህና ቃል ያናገረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ኃላፊ ስለ ሞተሩ የጮኸው ውሸቱን ነው?»

«እውነቱን ነው» አልኳቸው። «ካርዱ ላይ አለ። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።»

ለምን እንዳላነበብኩት አልጠየቁኝም። ነጋዴ ናቸው፤ የሚፈልጉትን አግኝተዋል። በዚያው ሳምንት ጂፗን ገዟት፤ ታሪኳን ከተማው ሁሉ ስለሰማ ጥላዬ እንደ ድሮው ጉራ ሊነዛ አልቻለም። የተሰነጠቀውን ሻንሲ አስቆርጠው ከመሐል አገር በመጣ ብረት አስቀየሩት፤ የመንገዱን ንዝረት የሚችለውን ባሌስትራ ለወጡ፤ ሾፌር ቀጠሩ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሰባት ቁጥር ከሆሳዕና አንጋጫ፣ ከአንጋጫ ሺንሺቾ መመላለስ ጀመረች። ላምቦሮ አስቦት በነበረው መንገድ ማለት ነው።

ወይዘሮ አስካለ ክፉ ሴት አልነበሩም። ለማመስገን ብለው ነው ያደረጉት። አንድ ቅዳሜ ላምቦሮን ገበያ ውስጥ አግኝተው፣ «ያቺ እህትህ ትባረክ፤ ሞተሩ አዲስ መሆኑን እሷ ባትነግረኝ አልደፍርም ነበር» አሉት።

ቤት ሲመጣ እኔ ደጅ ስንዴ እለቅማለሁ። ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ሞተሩ አዲስ ነበር?»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ። እዚሁ ደጅ ልነግርህ ስጀምር አፌን ዘጋኸኝ።»

«እዚህ ዘጋሁሽ» አለ። «እዚያ ግን ለመንኩሽ።»

ስለ ጥላዬ፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ ቁልፉ፣ ሽማግሌ ደጃችንን አልረገጠም ስላለው ሁሉ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን መልስ አልጠበቀም። በሳምንቱ ከሌሎች የሰፈራችን ልጆች ጋር ሸንኮራ ለመቁረጥ ወደ መተሃራ ሄደ።

እኔም ኅዳር ላይ ሺንሺቾ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ሌላ መኪና ስላልነበረ ሣጥኔን አስጭኜ የሄድኩት በሰባት ቁጥር ነው። ሾፌሩ ወይዘሮ አስካለ እንዳዘዙት ከፊት አስቀመጠኝ። ቆጮና ጎመን በቅጠል ጠቅልላ እናቴ ስንቅ ሰጥታኝ ነበር፤ ሽታው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ መኪናውን ሞላው። አንጋጫ ዳገት ላይ ሁሉም ሰው ትንፋሹን ያዘ፤ ጂፗ ግን ምንም ሳትል ወጣችው። ከኋላ የተቀመጡት አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብኩም። ባትወጣው፣ እዚያው ዳገቱ ላይ ለሁለት ብትሰበር ብዬ ስንት ጊዜ እንደተመኘሁ የማውቀው እኔ ነኝ። ከሆሳዕና እስከ ሺንሺቾ ድረስ የጠበቅኩት ያንን ብረት ሲሰበር መስማት ነበር።

አልተሰበረችም። የደርግ ለውጥ እስኪመጣ ድረስ ሠራች።

ላምቦሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ወባ አጥቅቶት፣ ፊቱ ቢጫ ሆኖ ተመለሰ። ያባቴን እርሻ ያዘ፤ አገባ፤ ስድስት ልጆች ወለደ። ከቤታችን በታች ባለው መንገድ ጂፗ ስታልፍ ጥሩንባ ታሰማ ነበር፤ እሱም በሬዎቹን ይዞ ጀርባውን ይሰጣታል አሉኝ። ሲሰጣት እኔም አንድ ቀን አይቻለሁ፤ ከውስጧ ሆኜ። ሾፌሩ፣ «ወንድምሽ አይደል? ላቁምልሽ?» አለኝ። «ቸኩያለሁ፤ ንዳ» አልኩት። የምቸኩልበት ነገር አልነበረኝም።

ለብዙ ዓመታት ራሴን የምከላከልበት ንግግር አዘጋጅቼ ኖሬያለሁ። ወይዘሮ አስካለ ሻንሲውን ማስቀየር የቻሉት ሱቅ ስለነበራቸው ነው፤ ላምቦሮ ግን ላሞቹን ከሸጠ በኋላ ለአንድ ጎማ እንኳ አቅም አይኖረውም ነበር። የእናቴ እንሰት ይጠወልግ ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ ከዚያ ጓሮ በልታለች፤ የላምቦሮም ልጆች ከዚያው በልተው አድገዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሁሉም «ትክክል ነበርሽ» ብለውኛል። መጨረሻውን መስመር ግን ለእነሱም አላነበብኩላቸውም።

ባለፈው ወር አንጋጫ ያለች ዘመዳችን ዐርፋ ለቀብር ሄድን። ስንመለስ ለሽማግሌዎች ተብሎ አንድ መኪና ተዘጋጀ። እኔ ቀድሜ ገብቼ ነበር። ላምቦሮ በልጁ ተደግፎ መጣ፤ ሰማንያ ዓመቱ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ አየኝ። «ደህና ነሽ?» አለኝ። «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» አልኩት። በየቀብሩ የምንባባለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ልጁን፣ «በሚቀጥለው እሄዳለሁ» አለው። የሚቀጥል መኪና እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ሰዉ እየለመነው ሳለ ባዶ ቦታው ጎኔ ነበረ። ቦርሳዬ መቀመጫው ላይ ነበር፤ አንስቼ ጭኔ ላይ ላስቀምጠው እችል ነበር። አላነሣሁትም።

ሰዎች ሲያረጁ ቂም ይለዝባል ይባላል። የእኔ አልለዘበም፤ የእሱም እንዳልለዘበ ከአካሄዱ አየሁ። እንዳጠፋሁ አውቃለሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ በቋንቋችን፣ በዝግታ የጠየቀኝን ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ፤ ወንድሜ በሕይወቱ እኔን የለመነኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ግን ዛሬ እንደገና ሃያ ዓመቴ ሆኖ፣ ካርዱን ይዤ፣ ያ ሁሉ ሰው ስቆብኝ ብቆም፣ ያችን መስመር አነብለት እንደሆነ ራሴን ብጠይቅ፣ እውነተኛው መልስ አላውቅም ነው።